በእጅ የተሸመነን የጃፓን ኪሞኖ ከክሩ ጀምሮ የመመርመሪያ መንገድ

ያገለገሉ ኪሞኖዎች ዛሬ ከጃፓን ውጭም በስፋት ይሸጣሉ። ሻጩ «በእጅ የተሸመነ ሐር» ብሎ የሚያቀርበው ሁሉ ግን በእጅ የተሸመነ አይደለም፤ አንዳንዱ በሞተር የተሸመነ ነው፣ አንዳንዱ ሽመናው ካለቀ በኋላ ሥዕል የታተመበት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሹን ሐር አይደለም። ይህ መመሪያ ልብሱን በእጁ ይዞ ለሚመረምር ገዢ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ስለ ሽመና ለማወቅ የሚፈልግ ሰውም ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ። የማስረዳው አንድ ዋና ነገር ነው፦ የእነዚህ ልብሶች ጥበብ አብዛኛው የሚያልቀው ሸማኔዋ መወርወሪያውን ከማንሳቷ በፊት ነው። ስለዚህ ምርመራው ከሥዕሉ ውበት ሳይሆን ከክሩ መጀመር ይኖርበታል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ የእጅ መነጽር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጫፉ ያልሾለ መርፌና የመስኮት ብርሃን። ቀለበትና የእጅ አምባር ይውለቅ፤ እጅም ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። የአምፖል ብርሃን ጥቁሩን ቡናማ፣ ሰማያዊውንም ጥቁር ሊያስመስል ስለሚችል ቀለምን በአምፖል ብቻ መፍረድ አይገባም።

ደረጃ 1፦ ቀለሙ ያረፈው በክሩ ላይ ነው ወይስ በጨርቁ ላይ?

ኪሞኖ ከአሠራሩ አንጻር በሁለት ትልልቅ ወገኖች ይከፈላል። በአንደኛው ወገን ነጩ ሐር ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ጨርቁ ላይ ቀለም ይቀባል፤ በኪዮቶና በካናዛዋ የሚሠራው ዝነኛው ዩዜን ከዚህ ይመደባል። በሁለተኛው ወገን ክሩ አስቀድሞ ይነከርና ድርና ማጉ ሲገናኙ ሥዕሉ በሽመናው ውስጥ ይወጣል። የዚህ መመሪያ ትኩረት ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱን ለማየት የልብሱን ውስጠኛ ገጽ ይመልከቱ። ገበር ያለው ከሆነ የእጅጌው አፍ ወይም የታችኛው ጠርዝ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ በቀስታ ገለጥ ማድረግ ይበቃል። ውስጡ ከውጩ የፈዘዘ ከሆነ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ነው። ሁለቱም ገጾች እኩል ደምቀው ከታዩ ክሩ አስቀድሞ የተነከረ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ቀለምን እስከ ጀርባ የሚያሳልፉ የኅትመት ዘዴዎች ስላሉ ነገሩ በዚህ አይቋጭም። በመነጽሩ እያዩ በመርፌው ጫፍ አንዱን የማግ ክር ትንሽ ገፋ ያድርጉ። በድሩ ሥር ተሸፍኖ የነበረው የክሩ ክፍል ነጭ ወይም የነጣ ከሆነ ጨርቁ የታተመ ነው። ከላይም ከሥርም ተመሳሳይ ቀለም ከያዘ ግን ክሩ ወደ ሽመና የገባው ተነክሮ ነው።

ደረጃ 2፦ ስፋቱንና ስፌቱን መለካት

የኪሞኖ ጨርቅ የሚሸመነው ወርዱ ከ36 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም ከ12 እስከ 13 ሜትር በሚሆን ጥቅል ነው። አንድ ጥቅል ለአንድ አዋቂ ሰው ልብስ ይሆናል። ወርዱ የጠበበው፣ የእኛ ሸማኔ ጋቢውን በጠባብ በጠባቡ ሸምኖ እንደሚያጋጥመው ሁሉ፣ መወርወሪያውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቀብለው እጅ ስለሆነ ነው። ጥቅሉ በቀጥታ መስመር ብቻ ተቆርጦ ስምንት ቁራጭ ይወጣዋል፦ ሁለት የገላ፣ ሁለት የእጅጌ፣ ሁለት የፊት መደረቢያ፣ አንድ የአንገትና አንድ የአንገት ሽፋን። የገላው ቁራጭ ከፊት ጠርዝ ተነሥቶ በትከሻ ላይ አልፎ እስከ ኋላ ጠርዝ ይወርዳል፤ በትከሻ ላይ ስፌት የለም። ትርፍ ጨርቅ ቢኖር ወደ ስፌቱ ውስጥ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም።

እንግዲህ የጀርባውን መካከለኛ ስፌት ከውስጥ ሲገልጡ የጨርቁን የራሱን ዳር፣ ማጉ ዞሮ የሚመለስበትን፣ ማግኘት አለብዎ። በምትኩ በማሽን የተጠለፈ የተቆረጠ ጠርዝ ካገኙ፣ ልብሱ ከሰፊ የፋብሪካ ጨርቅ የተሰፋ ነው። ጠባብ ወርድ ብቻውን ግን የእጅ ሥራ ማስረጃ አይሆንም፤ የሞተር መሸመኛዎችም ለኪሞኖ የሚሆን ጠባብ ጨርቅ ያመርታሉ።

ደረጃ 3፦ ክሩን ማንበብ

አብዛኛው ሐር የሚገኘው የሐር ትሉ ራሱን የጠቀለለበትን ቀጭን ክር ሳይበጠስ በመተርተር ነው። እንዲህ ያለው ክር ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ትሱሙጊ የሚባለው የጨርቅ ዓይነት በጥንቱ አሠራሩ ከዚህ ይለያል፤ የትሉ ጎጆ ተቀቅሎ እንደ ጥጥ ይዘረጋና ከዚያ በእጅ ይፈተላል። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ከቶኪዮ በስተሰሜን፣ በኢባራኪና በቶቺጊ ግዛቶች፣ በዩኪ ከተማና በአካባቢዋ የሚሠራው ዩኪ ትሱሙጊ ነው። የጃፓን መንግሥት ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1956 ከዋና ዋና የማይዳሰሱ የባህል ቅርሶቹ መዝገብ አስገብቶታል፤ ዩኔስኮም በ2010 መዝግቦታል።

አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የተቀቀሉት ጎጆዎች ለብ ባለ ውኃ ውስጥ በጣት ይከፈታሉ፤ አምስት ስድስቱ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ትንሽ ከረጢት ይሠራል፤ ከረጢቱም ይደርቃል። ፈታይዋ የደረቀውን ከረጢት በማቆሚያ ላይ ዘርግታ፣ በአንድ እጅ እየሳበች በሌላው ጣቶች ክሩን ታሰባስባለች፤ ጣቷን የምታርሰውም በምራቋ ነው። እንዝርት የለም፤ ክሩም አይከረርም። ለአንድ ጥቅል ጨርቅ 2,000 ያህል የትል ጎጆ ይፈጃል። ሳይከረር የቀረ ክር በውስጡ አየር ስለሚይዝ ጨርቁ ቀላልና ሞቃት ይሆናል፤ በዚያው መጠን ግን ድር ለመሆን ደካማ በመሆኑ ከሽመናው በፊት በስንዴ ዱቄት ማጣበቂያ ይጠነክራል። በዚህም ምክንያት አዲስ ዩኪ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ ማጣበቂያው በሙቅ ውኃ ሲወጣ፣ ልብሱም ሲለበስና ሲታጠብ ይለሰልሳል።

በመነጽሩ ምን እንፈልጋለን? በእጅ የተፈተለ ክር መጠምዘዝ አይታይበትም፤ ቃጫዎቹ ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ ውፍረቱም በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ በመጠኑ ይለዋወጣል። የፋብሪካ አስመሳይ ክር ግን እብጠቶቹ ጎልተው የወጡ፣ ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ ርቀት የሚደጋገሙ ናቸው። ጎርበጥባጣ ጨርቅ ያየ ሰው ሁሉ «የእጅ ሥራ ነው» የሚለው አባባል መታረም አለበት፤ ምርጥ ዩኪ በክንድ ርቀት ሲታይ ጸጥ ያለና እኩል ነው።

ሐር መሆኑ ካጠራጠረ ከስፌቱ ውስጥ የተላቀቀች ትርፍ የጨርቅ ክር ብቻ ወስዶ ማቃጠል ይቻላል። የሰፊው ክር ከጨርቁ የተለየ ሊሆን ስለሚችል እሱን መውሰድ ያሳስታል። ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል፤ ሰው ሠራሹ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ከልብሱ ላይ ክር እየመዘዙ መሞከር ግን ነውር ነው፤ የሻጩን ፈቃድ መጠየቅም ይገባል።

ደረጃ 4፦ ካሱሪውን መመርመር

ከሁሉ የሚበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። ካሱሪ ማለት ክሩን በተመረጡ ቦታዎች አጥብቆ በማሰር ቀለም እንዳይገባው ካደረጉ በኋላ ነክሮ፣ የታሰሩትን ነጭ ቦታዎች በሽመና ወቅት በማገጣጠም ሥዕል የማውጣት ዘዴ ነው። በኪዩሹ ደሴት፣ በኩሩሜ አካባቢ፣ ለጥጡ ካሱሪ መነሻ ተደርጋ የምትታወቀው ኢኖዌ ዴን (1788–1869) ነች። ገና የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አርጅቶ በነቁጥ በነቁጥ የነጣ ጨርቅ አይታ፣ ክሩን ተርትራ፣ ነጩ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ካጠናች በኋላ ያንኑ አውቃ በማሰር እንደሠራችው ይነገራል።

በዩኪ እያንዳንዱ እስር በጥጥ ክር በእጅ ይቋጠራል። ማሰሪያው ሥር ቀለም እንዳይሰርግ፣ ባልታሰረው ክፍል ደግሞ እስከ ውስጥ እንዲዘልቅ፣ ነካሪው የክሩን ጥቅል ከመሬት ጋር እያጋጨ ቀለሙን ያስገባዋል። የተለመደው ሥዕል የኤሊ ቅርፊት የሚመስል ባለ ስድስት ጎን ነው፤ በጨርቁ ወርድ ላይ 80፣ 100፣ 160 ወይም 200 እንዲህ ያሉ ቅርጾች ይደረደራሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እስሩም ይረቃል።

በደቡብ፣ በአማሚ ኦሺማ ደሴት፣ ዘዴው ሌላ ነው። እዚያ ክሩ በመሸመኛ ላይ ከጥጥ ድር ጋር ተጠቅጥቆ ምንጣፍ መሰል ነገር ይሠራል፤ ማሰሪያው ያ ጥጥ ነው። ከዚያ ሻሪንባይ የተባለው ዛፍ ግንድ ተፈልጦ በተቀቀለበት፣ ታኒን በበዛበት ውኃ ደጋግሞ ይነከራል፤ ቀጥሎ ብረት በበዛበት የጭቃ ኩሬ ይገባል፤ ታኒኑና ብረቱ ሲገናኙ ያ የታወቀው፣ ቡናማ የሚያዳላው ጥልቅ ጥቁር ይወጣል። ይህ ብዙ አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ምንጣፉ ሲተረተር ነጭ ነቁጦች የተሰለፉበት ክር ይገኛል፤ ይኸው ክር እንደገና ይሸመናል። ስለዚህ ኦሺማ የሚባለው የዚህ ደሴት ጨርቅ ሁለት ጊዜ ይሸመናል ቢባል ማጋነን አይደለም። ሸማኔዋ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሄደች ቁጥር ቆማ ድሩን ታላላና፣ ያልገጠሙትን ነቁጦች በመርፌ አንድ በአንድ እየሳበች ታስተካክላለች። በነገራችን ላይ ኦሺማ ትሱሙጊ ስሙ ትሱሙጊ ይሁን እንጂ ዛሬ የሚሠራው ከተፈተለ ሳይሆን ከተተረተረ ሐር ነው፤ ለስላሳና ቀዝቃዛ፣ ሲራመዱም የሚንሿሿ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን መነጽርዎን በአንድ ነቁጥ ላይ ያኑሩ። ድሩም ማጉም ካሱሪ በሆነበት ጨርቅ፣ ነጭ የድር ክርና ነጭ የማግ ክር በሚገናኙበት ቦታ ጥርት ያለ ነጭ ይታያል፤ በዙሪያው ነጩ ከጨለማው ክር ጋር ሲሻገር ግማሽ ጥላ ይፈጠራል። ነቁጡም ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ መስቀል ወይም እንደ ነፋስ መዘውር ቅጠል ይሆናል። የታተመ ነቁጥ ይህ ግማሽ ጥላ የለውም፤ ጠርዙ ክሮቹን በዘፈቀደ ያቋርጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው ሜይሰን የተባለው ጨርቅ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በኢሴሳኪ፣ በቺቺቡና በአሺካጋ በብዛት ይመረት የነበረ፣ ደማቅና ትልልቅ ሥዕል ያለው የዘወትር ልብስ ነበር። በብዙው ሜይሰን ድሩ ለጊዜው በላላ ማግ ተይዞ በተቀደደ የወረቀት ቅርጽ ቀለም ይታተምበታል፤ ከዚያ ጊዜያዊው ማግ እየወጣ በዋናው ይሸመናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የሥዕሉ ጠርዝ የሚደበዝዘው በድሩ አቅጣጫ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። ሜይሰንን አልንቅም፤ በሥዕል ድፍረቱ ብዙ ውድ ጨርቆችን ያስከነዳል። ነገር ግን በኦሺማ ዋጋ መገዛት የለበትም።

ደረጃ 5፦ የመሸመኛውን አሻራ መፈለግ

ዩኪ በጥንታዊው መንገድ የሚሸመነው ጂባታ በተባለው ዝቅተኛ መሸመኛ ነው። የድሩ ጫፍ በሸማኔዋ ወገብ ላይ ታስሮ ይወጠራል፤ ወደ ኋላ ስትል ይጠብቃል፣ ወደ ፊት ስትል ይላላል። ማጉን የምታስገባው ሰይፍ በሚመስል ረጅምና ከባድ መወርወሪያ ሲሆን፣ ክሩን መጀመሪያ በዚያው ቀጥሎም በማበጠሪያው ትመታዋለች። ያልከረረው ክር ሳይጎዳ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የሞተር መሸመኛ ግን ድሩን ያለ ምሕረት ወጥሮ ይዞ ስለሚሠራ እንዲህ ያለ ክር ይበጥስበታል።

ጨርቁን በመስኮት ብርሃን ፊት ዘርግተው ያሳልፉት። የሞተር ሽመና የማጎቹ ርቀት ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። በእጅ የተሸመነው እጅግ ቀጫጭን የመጥበቅና የመላላት ጥላዎች አሉት። የጨርቁን ዳርም ይዩ፦ ማጉ በእጅ ሲመለስ ጥቃቅን መግባትና መውጣት ይኖራል፣ ሆኖም የሠለጠነች ሸማኔ ዳር የተዝረከረከ አይሆንም። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻውን አያስፈርድም፤ ክሩ፣ ካሱሪውና ዳሩ ሦስቱም አንድ ነገር ሲመሰክሩ ግን መታመን ይቻላል።

ደረጃ 6፦ ማረጋገጫ ወረቀቱ

አዲስ ጥቅል ሲሸጥ ጫፉ ላይ የአምራቾቹ ማኅበር ማረጋገጫ ይለጠፋል። ልብሱ ሲሰፋ ይህ ጫፍ ተቆርጦ ከትራፊው ጨርቅ ጋር ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሻጩን «ትራፊውና ወረቀቱ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በኦሺማ ላይ የምድር ሉል ምልክት ጨርቁ በአማሚ፣ የሁለት ባንዲራዎች ምልክት በካጎሺማ፣ የሽመላ መሰል ወፍ ምልክት ደግሞ በሚያዛኪ ግዛት በሚያኮኖጆ መሠራቱን ያሳያል። በዩኪ በኩል በጂባታ የተሸመነውም፣ ከፍ ባለው መሸመኛ የተሸመነውም እውነተኛ ዩኪ ናቸው፤ የቅርስ መሥፈርቱን የሚያሟላው ግን በእጅ የተፈተለ ክር፣ በእጅ የታሰረ ካሱሪና ጂባታ ሦስቱ ሲሟሉ ብቻ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው የባህላዊ እደ ጥበብ ሕግ መሠረት የሚሰጥ የጋራ ምልክትም አለ።

ወረቀት ከአንዱ ጨርቅ ተላቆ ከሌላው ጋር ሊገኝ ስለሚችል፣ ትራፊውን ከልብሱ ጋር በመነጽር ማስተያየት ያስፈልጋል። የክሩ ውፍረት፣ የነቁጡ ርቀትና የዳሩ ክር ቀለም አንድ መሆን አለበት። ወረቀት የጠፋበት መልካም ልብስ ግን መልካም ልብስ ነው፤ እኔ ብሆን ጥሩ ክር ያለውን ያለ ወረቀቱ እመርጣለሁ።

የበጋ ጨርቆች ጉዳይ

ሐር ያልሆኑት የበጋ ልብሶች የራሳቸው መመዘኛ አላቸው። በኒጋታ ግዛት የሚሠራው ኤቺጎ ጆፉ ከሳማ ቤተሰብ ከሆነው ራሚ የተባለ ተክል ይገኛል፤ ቃጫው በጥፍር ተሰንጥቆ ጫፍ ለጫፍ በእጅ ይቀጠላል። ክሩ ሲደርቅ ስለሚበጠስ ለሽመናው የበረዶው አገር እርጥበት ይመቸዋል፤ ጨርቁም በክረምቱ ማብቂያ በበረዶ ላይ ተዘርግቶ በፀሐይ ይነጣል። ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል። በኦኪናዋ፣ በኪጆካ መንደር የሚሠራው ባሾፉ ደግሞ ከሙዝ ዘመድ ግንድ ቃጫ ይሸመናል፤ ተክሉ ከእኛ እንሰት ጋር አንድ ቤተሰብ በመሆኑ ቃጫን የሚያውቅ አንባቢ ጨርቁን ሲነካ የሚሰማውን ነገር ሳይገምት አይቀርም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን ጥበብ መልሳ ያስነሣችው ታይራ ቶሺኮ በ2000 የሕያው ብሔራዊ ቅርስነት ክብር አግኝታ እስከ ሕልፈቷ፣ እስከ 2022፣ በመንደሯ ኖራለች። በሁለቱም ጨርቆች በመነጽር የሚፈለገው ክሮቹ የተቀጠሉበት ጥቃቅን ቦታ ነው፤ በፋብሪካ የተፈተለ ክር እንዲህ ያለ ቅጥል የለውም።

ደረጃ 7፦ ልኩና የሚለበስበት ቦታ

ከጀርባው መካከለኛ ስፌት እስከ እጅጌው ጫፍ ይለኩ፤ ይህን ከራስዎ አንገት ሥር እስከ አንጓዎ ካለው ርቀት ጋር ያስተያዩ። ጠባብ ከሆነ ማስፋት የሚቻለው በስፌቱ ውስጥ በታጠፈው ትርፍ ልክ ብቻ ነው፤ ታጥፎ የኖረው ክፍልም ከተጋለጠው የበለጠ ደማቅ ሊሆን ስለሚችል መስመር ሊታይ ይችላል። የሴት ኪሞኖ በወገብ ላይ ስለሚታጠፍ ርዝመቱ ከለባሿ ቁመት ጋር ሲቀራረብ ጥሩ ነው፤ የወንድ ይህ እጥፋት የለውም።

በአለባበስ ረገድ የግራው ጎን ምንጊዜም በቀኙ ላይ ይደርባል፤ ተቃራኒው የአስከሬን አለባበስ ነው። ሌላው ብዙዎችን የሚያስገርመው ደንብ፣ ዩኪም ሆነ ኦሺማ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ለሠርግ አለመለበሱ ነው። ክሩ አስቀድሞ የተነከረ ልብስ ከሥራ ልብስ ወገን ስለሚቆጠር ለክብር ቦታ የሚመረጠው የተቀባው ነው። የተሸመነ ኪሞኖ ላይ የተቀባ መታጠቂያ፣ የተቀባ ኪሞኖ ላይ የተሸመነ መታጠቂያ ማድረግም የቆየ ልማድ ነው።

ደረጃ 8፦ አያያዝ

ከተለበሰ በኋላ ወዲያው አይታጠፍ፤ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ በሰፊ መስቀያ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ይናፈስ። ሲታጠፍ የስፌቶቹን መስመር ተከትሎ፣ በወረቀት መያዣ ተጠቅልሎ ጋደም ተደርጎ ይቀመጥ። ጃፓኖች የሚመርጡት ኪሪ ከተባለው ቀላል እንጨት የተሠራ ሳጥን ነው፤ ያ ባይገኝም ላስቲክ ውስጥ አፍኖ ማስቀመጥ እርጥበት ስለሚይዝ መቅረት አለበት። ብልን የሚከላከሉት ናፍታሊንና ካምፎር አንድ ላይ ሲሆኑ ቀልጠው እድፍ ስለሚያመጡ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይደረግ፤ እሱም ጨርቁን አይንካ። ደረቅ በሆነው ወቅት በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አውጥቶ ማናፈስ ብልንም ሻጋታንም ይከላከላል።

ሐሩን በቤት ውስጥ ማጠብ አይመከርም። በባህሉ ዐቢይ እጥበት የሚደረገው ልብሱ ተተርትሮ፣ ስምንቱ ቁራጮች እንደ ገና እንደ ጥቅሉ ተቀጥለው፣ ታጥበውና ከወርዱ ጋር በቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች ተወጥረው ከደረቁ በኋላ እንደ አዲስ በመስፋት ነው። በዚህ ጊዜ ያረጀው ጠርዝ ወደ ውስጥ ሊገባ፣ የእጅጌውም ፊትና ጀርባ ሊቀያየር ይችላል። የዚህ እጥበትና ዳግም ስፌት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ካገለገለው ኪሞኖ ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ እድፍ ያለበትን ልብስ ከመግዛትዎ በፊት እጥበቱንና ዳግም ስፌቱን ማን እንደሚሠራው፣ በስንት እንደሚሠራውም አስቀድመው ይጠይቁ።